ሕግ ያልገዛቸው ግሶች፦ ከሰቆጣ እስከ ካስቲል

አማርኛ «መጣ» ይላል፤ «ይመጣል»፣ «መጥቶ»፣ «ይምጣ» ይላል። ትእዛዙ ላይ ሲደርስ ግን ከእነዚህ ጋር አንድም ፊደል የማይጋራ ቃል ያወጣል፦ «ና»። ለሴት «ነይ»፣ ለብዙ «ኑ»። ክልከላው ደግሞ ተመልሶ ከሥሩ ይገጥማል፤ «አትምጣ» እንጂ «አትና» የሚል የለም። አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው ይህን ልብ ሳይለው ዕድሜውን ይጨርሳል። ቤቱ ኽምጥኛ፣ ትምህርት ቤቱና ገበያው አማርኛ የሆነበት የሰቆጣ ልጅ ግን ከ«ቀጣ» «ቅጣ»፣ ከ«ወጣ» «ውጣ» እንደሚባል አይቶ «ምጣ» ቢል ሕጉን አክብሯል። ከሕጉ የወጣው ግሱ ነው።

ስፓኒሽ የሚማር ሰው ከዚሁ ችግር ጋር ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይተዋወቃል። «መሄድ» በስፓኒሽ «ኢር» ነው። «እሄዳለሁ» ግን «ቦይ»፣ «ሄድኩ» «ፉዊ»፣ «እሄድ ነበር» «ኢባ» ይሆናል። አንዱ ግስ ከሦስት የላቲን ግሶች የተለቀመ ነው። ይባስ ብሎ «ፉዊ» የ«መሆን»ም ኃላፊ ጊዜ ሆኖ ያገለግላል። «ፉዊ ማኤስትሮ» ማለት «መምህር ነበርኩ» ሲሆን «ፉዊ ኣ ላ ኣባና» ደግሞ «ወደ ሃቫና ሄድኩ» ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ኢመደበኛ የሚባሉት ግሶች የቋንቋው ጉድለት ናቸው ወይስ ሌላ ሥራ አላቸው? የዋግ ኽምራ ደጋ ይህን ጥያቄ ለመመርመር የሚመች ስፍራ ነው። ከላሊበላ በስተሰሜን፣ ከተከዜ ወዲህ ባለው በዚህ አገር ሁለት የተለያዩ የቋንቋ ቅርንጫፎች ለብዙ መቶ ዓመታት ጎን ለጎን ኖረዋል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 426,213 ሰው የተመዘገበበት የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ ዞን አማርኛና ኽምጥኛ የሚነገሩበት ነው። አማርኛ ሴማዊ ነው፤ ኽምጥኛ የአገው ቋንቋ ነውና ኩሻዊ ነው። በየደብሩ ደግሞ ሦስተኛ ቋንቋ አለ፤ በሰቆጣ አቅራቢያ ከአለት ተፈልፍሎ እንደ ተሠራው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ግእዝ ይነበባል፣ ይዜማል።

የግስ ጥናት በዚህ አገር የተጀመረው የፈረንጅ ሰዋስው ከመምጣቱ አስቀድሞ ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ከመቁጠሩ በፊትም ሆነ እየቆጠረ ግስ ይገስሳል። መምህሩ ግሶችን በስምንት አርእስት ከፍሎ ያስይዘዋል፦ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሤሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ። ሌላው ግስ ሁሉ ከእነዚህ አንዱን አለቃ አድርጎ ይከተላል። እርባታውም በዐበይት አናቅጽ ይሄዳል፦ ቀዳማዩ «ቀተለ»፣ ካልዓዩ «ይቀትል»፣ ዘንድና ትእዛዙ «ይቅትል»። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን ታላቅ መዝገበ ቃላታቸውን ያዘጋጁት በዚህ ትምህርት ላይ ቆመው ነው። የአማርኛን ሰዋስው በአማርኛ ጽፈው ለትምህርት ቤት ካበቁት መካከል ብላቴን ጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ይገኙበታል፤ የዘመናዊውን የቋንቋ ጥናት ዘዴ ተከትሎ «የአማርኛ ሰዋስው»ን በ1987 ዓ.ም. ያሳተመው ደግሞ ባዬ ይማም ነው።

የቅኔ ቤቱ ትምህርት አንድ ትልቅ ነገር ያስተምራል፤ የተዛባ የሚመስል ሁሉ የተዛባ አይደለም። «ሰማ» ከ«ገደለ» ጋር ሲነጻጸር አንድ ፊደል የጎደለው ይመስላል። «ገድሎ» ሲባል «ሰምቶ» ይባላል፤ ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ «ት» ጣልቃ ይገባል። ነገር ግን «በላ» «በልቶ»፣ «መጣ» «መጥቶ»፣ «ቀባ» «ቀብቶ» እያለ ሁሉም በአንድ መንገድ ይሄዳል። ግእዙ «ሰምዐ»፣ «በልዐ» ነበር፤ አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ሲጥል ሦስተኛው ፊደል አብሮ ሄደ፤ «ት» ክፍተቱን ሞላ። «ቆመ»ና «ሄደ»ም እንዲሁ የየራሳቸው ሕግ ያላቸው ግሶች ናቸው። ስለዚህ ኢመደበኛ የሚለው ስም ለጥቂቶች ብቻ ሊቀመጥ ይገባል፤ አለቃ ለሌላቸው፣ ጭፍራም ለሌላቸው ግሶች።

ከአማርኛ እነዚህን ጥቂቶች መልቀም አይከብድም። የመጀመሪያው የመናገሩ «አለ» ነው። «አለ»፣ «ይላል»፣ «ብሎ»፣ «በል»፣ «ማለት»፣ «ባይ»፣ «ተባለ»፤ «ብ» አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይሰወራል። ሥሩ የግእዙ «ብህለ» ነው። መካከለኛው «ህ» ወደቀ፤ «ይብል» የነበረው «ይል» ሆኖ «ብ»ን ጣለ፤ «ይበል» ግን እስከ ዛሬ ይዞታል።

ሁለተኛው የመኖሩ «አለ» ነው። ቅርጹ የኃላፊ ጊዜ፣ ትርጉሙ የአሁን ነው፦ «አለሁ»፣ «አለህ»፣ «አለች»። ስለ ትናንት ለመናገር ግን ሥሩን ጥሎ «ነበረ» ይላል፤ ስለ ነገ ሲሆን «ይኖራል»፤ ሲያፈርስ «የለም»። «ነበረ» በግእዝ «ተቀመጠ» ማለት ነበር፤ «መንበር» እና «ወንበር» የዚያ ቅሪት ናቸው። እንግዲህ አንድ ሐሳብ በሦስት ግሶች ይነገራል ማለት ነው፤ ልክ እንደ ስፓኒሹ «ኢር»። ሁለቱ «አለ»ዎች ደግሞ ሲገናኙ የባዕድ ተማሪን ያሳብዳሉ። «እህል አለ አለ» ያለ ሰው ፍጹም ጤነኛ አማርኛ ተናግሯል። የሚለያቸው ጎላ ብሎ የሚታየው አንደኛ መደብ ላይ ነው፦ «አልሁ» እና «አለሁ»።

ሦስተኛው «ነው» ነው። የግሱ ባለቤት የሚታወቀው ሌላ ግስ ተሳቢውን በሚያሳውቅበት ምዕላድ ነው። «ነኝ፣ ነህ፣ ነሽ፣ ነው፣ ናት፣ ነን፣ ናችሁ፣ ናቸው» የሚለውን «ሰጠኝ፣ ሰጠህ፣ ሰጠሽ፣ ሰጠው፣ ሰጣት፣ ሰጠን፣ ሰጣችሁ፣ ሰጣቸው» ከሚለው ጎን ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል። አፍራሹ «አይደለም» ደግሞ በሌላ ሥር ነው። አራተኛው «ና»፣ አምስተኛው ትእዛዝ ብቻ ያለው «እንካ» ነው፤ «እንኪ»፣ «እንኩ» ብሎ ያበቃል፤ ትናንትም ነገም የለው።

የ«ና» ጉዳይ የአማርኛ ብቻ አይደለም። ትግርኛ «መጸ» ብሎ ትእዛዙን «ንዓ» ይላል። ኦሮምኛ «ዹፌ» ብሎ «ኮቱ» ይላል፤ ሶማሊኛ «ዪሚድ» ብሎ «ካላይ» ይላል። ሁለቱ ሴማዊ፣ ሁለቱ ኩሻዊ ናቸው፤ ቃሎቻቸውም አይመሳሰሉም። የሚመሳሰለው ሥርዓት መጣሱ ነው። ሁሉም ይህን አንድ ግስ፣ ያውም ትእዛዙ ላይ ብቻ፣ በሌላ ቃል ይተካሉ።

ወደ ኽምጥኛ ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ኽምጥኛ ከኤርትራው ብሊን፣ ከቅማንትነይና ከአዊኛ ጋር የአገው ቅርንጫፍ ነው። ኦስትሪያዊው ሊዮ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1884 ስለ ቋንቋው ጥናቱን በቪየና አሳተመ። እንግሊዛዊው ዴቪድ አፕልያርድ እ.ኤ.አ. በ1987 የሰዋስው ንድፉን በለንደን አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ የአራቱን የአገው ቋንቋዎች ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት አቀረበ። ክሎኤ ዳርሞን እ.ኤ.አ. በ2015 በሊዮን ያቀረበችው የዶክትሬት ጥናት የኽምጥኛን የቃልና የዐረፍተ ነገር አወቃቀር በስፋት የመረመረ ነው።

በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ጎልቶ የሚታየው የግስ ጠባይ ይህ ነው። አማርኛ «እመጣ፣ ትመጣ፣ ይመጣ» ሲል ባለቤቱን ከፊት ያስቀድማል። የአገው ቋንቋዎች ግን ባለቤቱን ከኋላ ያስከትላሉ፤ ሥሩ ይቀድማል፣ የመደቡ ምልክት ይከተላል። ይሁንና ምልክቶቹ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደሉም። በአማርኛ «ት» ለአንተም ለእሷም ነው፤ «ትመጣለህ»፣ «ትመጣለች»። በኩሻዊ ቋንቋዎችም «አንተ» እና «እሷ» አንድ ምልክት ይጋራሉ፤ መነሻውም ይኸው «ት» ነው። «እኛ» በሁለቱም በ«ን» ይታወቃል። ቁሳቁሱ አንድ ሆኖ ቦታው ከፊት ወደ ኋላ ዞሯል።

እንዴት ዞረ? መልሱን ኢመደበኛ ግሶች ይዘውታል። ለዚህ ግልጽ ሆኖ የሚታየው ሶማሊኛ ነው። መደበኛው ግስ «አመጣሁ፣ አመጣህ፣ አመጣ፣ አመጣች» ለማለት «ኬናይ፣ ኬንታይ፣ ኬናይ፣ ኬንታይ» ይላል፤ «ት» ከኋላ ነው። አምስት ግሶች ብቻ ግን በፊት ምልክት ይረባሉ፤ እነሱም መምጣት፣ ማለት፣ ማወቅ፣ መኖርና መሆን ናቸው። «መጣሁ፣ መጣህ፣ መጣ፣ መጣች፣ መጣን» በሶማሊኛ «ኢሚድ፣ ቲሚድ፣ ዪሚድ፣ ቲሚድ፣ ኒሚድ» ነው። የግእዝ ተማሪ ይህን ሲሰማ «እመጽእ፣ ትመጽእ፣ ይመጽእ፣ ትመጽእ፣ ንመጽእ» ከሚለው ጋር አንድ መሆኑን ወዲያው ይይዛል። አፋርኛ እንዲህ ያሉ ብዙ ግሶች አሉት። ከአገው ቋንቋዎች ይህን ጥንታዊ እርባታ በጥቂት ግሶች ጠብቆ ያቆየው አዊኛ ነው፤ የአዊኛን ግስ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ በዝርዝር የመረመረው ሮበርት ሄትስሮን ነበር።

ግእዝም በዚህ ረገድ የራሱ ብቸኛ ግስ አለው፤ እርሱም ያው የመናገሩ ግስ ነው። በግእዝ ኃላፊ ጊዜ ምልክቱን ከኋላ ይይዛል፤ «ቀተልኩ»፣ «ቀተልከ»፣ «ቀተለት»። «አለ» ለማለት ግን «ይቤ» ይባላል፤ «እቤ፣ ትቤ፣ ይቤ፣ ትቤ፣ ንቤ»። ምልክቱ ከፊት፣ ጊዜው ኃላፊ። የሰቆጣ ዲያቆን ወንጌል ሲያነብ በየገጹ የሚያገኘው «ይቤ» ከጥንቱ ሴማዊ እርባታ የተረፈ ነው፤ አካድኛ የሚባለው የጥንት ባቢሎንና አሦር ቋንቋ ኃላፊ ጊዜውን በሙሉ ያረባ የነበረው በዚህ መንገድ ነው።

ጀርመናዊው ፍራንስ ፕሬቶርየስ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ትልቁን የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ስለ ኩሻዊ ግሶች ያቀረበው ሐሳብ እስከ ዛሬ መነጋገሪያ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። የኩሻዊ መደበኛ ግስ ኋላ ያለው ምልክት በጥንት ራሱን የቻለ፣ በፊት ምልክት የሚረባ አጭር ረዳት ግስ ነበር። ሥሩ መጀመሪያ ይነገራል፤ ረዳቱ ይከተላል፤ በዘመን ብዛት ረዳቱ ከሥሩ ጋር ተጣበቀና ጅራት ሆነ። ይህ ከሆነ በኽምጥኛ የመደበኛው ግስ «አንተ» እና «እሷ» የሚታወቁበት ድምፅ የአንድ ጥንታዊ ኢመደበኛ ግስ ቅሪት ነው። ሥርዓት ያልያዘው ሥርዓቱን ሠራው ማለት ነው።

ይህ ለማመን የሚከብደው ሰው አማርኛውን ይመልከት። «ይሄዳል» የሚለው ቃል «ይሄድ» እና የመኖሩ «አለ» ናቸው። «እሄዳለሁ» ሲባል «አለሁ»፣ «ትሄዳለች» ሲባል «አለች» በግልጽ ይሰማል። «ሄዷል»ም «ሄዶ» እና «አለ» ነው። ማስረጃው ሦስት ነው። ሲፈርስ ረዳቱ ይወድቃል፤ «አይሄድም» ይባላል። በጥገኛ ሐረግ ውስጥም አይገባም፤ «ሲሄድ»፣ «የሚሄድ» ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን «ይሰጠኛል» ነው። የተሳቢው «ኝ» ከ«ይሰጥ» እና ከ«አለ» መካከል ገብቶ ተቀምጧል፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ከመሆናቸው በፊት የተጣበቀ ስለሆነ ነው። ቀሪዎቹን ጊዜያት ስንቆጥር «ሄዶ ነበር»፣ «ይሄድ ነበር»፣ «ሊሄድ ነው» እናገኛለን። ያለ ረዳት ብቻውን የቆመው «ሄደ» ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የአማርኛ ጊዜያት በ«አለ»፣ በ«ነበረ» እና በ«ነው» ላይ፣ ማለትም በጣም በተዛቡት ሦስት ግሶች ላይ፣ እንደ ቤት በምሰሶ ቆመዋል።

ስፓኒሽም ከዚህ አይርቅም። «አብላር» መናገር ነው። «እናገራለሁ፣ ትናገራለህ፣ ይናገራል» በትንቢት ጊዜ «አብላሬ፣ አብላራስ፣ አብላራ» ይሆናል። ጅራቶቹ «ኤ፣ አስ፣ አ» ናቸው፤ እነሱም «አቤር» የተባለው እጅግ ኢመደበኛ ረዳት ግስ የአሁን ጊዜ ቅርጾች ናቸው። ሥሩ ቢሰበር እንኳ፣ ለምሳሌ «ቴኔር» «ቴንድሬ»፣ «ዴሲር» «ዲሬ» ቢሆን፣ ጅራቱ በአንድም ግስ አይለወጥም። አንቶኒዮ ዴ ኔብሪኻ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሳተመው የካስቲል ቋንቋ ሰዋስው ይህን መዋቅር አስተውሎ ጽፎታል። የፖርቱጋል ቋንቋ ደግሞ ከአማርኛው «ይሰጠኛል» ጋር ቁርጥ አንድ የሆነ ቅርጽ በጽሑፍ ቋንቋው እስከ ዛሬ ይዟል፤ «ዳር-ሜ-ኣ»፣ መስጠት፣ ለእኔ፣ ረዳት ግስ። ተሳቢው መሐል ገብቷል። ከኢትዮጵያና ሶማሊያ ጦርነት በኋላ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆችና ወጣቶች ወደ ኩባ ሄደው፣ ብዙዎቹም «የወጣቶች ደሴት» በተባለው ስፍራ ሲማሩ፣ ስፓኒሹን የለመዱት ይህን የመሰለ መዋቅር በአፋቸው ይዘው ነበር።

በዋግ ደጋ ሁለቱን ቋንቋዎች በይበልጥ የሚያገናኛቸው ሌላ ሥራ አለ፤ እሱም እንደገና የመናገሩ ግስ ነው። አማርኛ «ዝም አለ»፣ «ቀጥ አለ»፣ «ብድግ አለ» ይላል። «ዝም» ብቻውን አይረባም፤ የሚረባለት «አለ» ነው። ትግርኛ «ስቕ በለ»፣ ኦሮምኛ «ጨል ጀዼ» ብሎ ዝምታን በመናገር ግስ ይገልጻል። በአገው ቋንቋዎች የመናገሩ ግስ ሥር አንዲት «ይ» ድምፅ ብቻ ናት፤ ይህችው አጭር ግስ እንዲህ ያለውን ጥምር ግስ ትሸከማለች። ዳርሞን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ጽሑፍ የኽምጥኛን ጥምር ግሶች ከአካባቢው ቋንቋዎች ጋር አነጻጽራለች። ቮልፍ ሌስላው ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ በኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ላይ የታየውን የኩሻዊ ተጽዕኖ ሲመረምር ጥምር ግሱንና ግስን በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ማስቀመጥን ከዚህ ቆጥሮ ነበር። ቻርልስ ፈርጉሰን ደግሞ አበዳሪና ተበዳሪ ከመለየት ይልቅ ኢትዮጵያን እንደ አንድ የቋንቋ አካባቢ ማየትን መረጠ። ብድሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሄደ አይደለም፤ ኽምጥኛም ከአማርኛና ከትግርኛ ብዙ ቃላት ወስዷል።

ታዲያ ያልተስተካከሉት ለምን አልተስተካከሉም? እ.ኤ.አ. በ2007 በኔቸር መጽሔት የወጣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት የእንግሊዝኛን ታሪክ በቁጥር አይቶታል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ከተለዩት 177 ኢመደበኛ ግሶች በመካከለኛው ዘመን 145፣ ዛሬ 98 ብቻ ሥርዓት ሳይዙ ቀርተዋል። የሌሎቹ ዕጣ የተወሰነው በአጠቃቀማቸው ብዛት ነው፤ ከሌላው መቶ ጊዜ ያነሰ የሚነገር ግስ ዐሥር ጊዜ ፈጥኖ ወደ መደበኛው ይገባል። በእንግሊዝኛ በብዛት የሚነገሩት ዐሥሩ ግሶች ሁሉም ኢመደበኛ ናቸው። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። አልፎ አልፎ የሚሰማን ግስ ልጅ በሕግ ገምቶ ያረባዋል፤ ግምቱም ከትውልድ ትውልድ ይጸናል። «ና»ን ግን ገና ሳይሄድ በቀን ሃያ ጊዜ ይሰማዋል፤ የሚገምተው ነገር የለም። በሶማሊኛ የተረፉት አምስቱ ግሶች፣ በግእዝ የተረፈው «ይቤ»፣ በአማርኛ «አለ» እና «ነው»፣ በስፓኒሽ መሄድና መሆን፤ ሁሉም ሰው ሳይጠራቸው ውሎ የማያድር ግሶች ናቸው። ረዳት ግስ ሆነው የሚመረጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙ የሚነገር ግስ ያጥራል፣ ድምፁ ይሟሟል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይጣበቃል።

ይህ ዳሰሳ በክፍል ውስጥ ትርጉም አለው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ለመማር በር ከከፈተ ወዲህ ኽምጥኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ክፍሎች ገብቷል፤ በአማራ ክልል መገናኛ ብዙኃንም ይሰራጫል። በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የሚመላለስ ልጅ አማርኛን ሲማር መጽሐፉ በተለምዶ በ«ገደለ» እና በ«ሰበረ» ይጀምራል፤ «አለ» እና «ነው» እንደ ልዩ ጉዳይ ወደ ኋላ ይቀመጣሉ። ማስረጃው ግን ተቃራኒውን ቅደም ተከተል ይደግፋል። «አለሁ፣ አለህ፣ አለሽ፣ አለ፣ አለች፣ አለን፣ አላችሁ፣ አሉ» የሚለውን አስቀድሞ የያዘ ልጅ «እሰብራለሁ» እና «ትሰብራለች» ሲመጡበት ግማሹን ያውቀዋል። ስምንት ቅርጾች ይዞ የብዙ መቶ ግሶችን የአሁን ጊዜ ጅራት በእጁ ያስገባል። «ዝም አለ» እና «ብድግ አለ»ም ከቤቱ ቋንቋ ጋር አንድ አሠራር ስላላቸው ለአማርኛ እርባታ የመጀመሪያ ትምህርት ሊሆኑት ይችላሉ። «ና»ን በተመለከተ መምህሩ ማድረግ ያለበት «ምጣ» ያለውን ልጅ ሳያሳፍር ቃሉን ነግሮ ማለፍ ብቻ ነው፤ «አትምጣ» ሲል ደግሞ ትክክል መሆኑን ሳይነግረው አይለፍ።